ያልተሰማው ምርቃት

«ተነሳ! ተነሳልኝ!» አለች ሙሽራዋ ማራኪ፣ በግማሽ የተሠራ ፀጉሯን በእጇ እንደደገፈች ከወንበሯ ብድግ ብላ። ክፍሉን የሞሉት ሴቶች ለስልክ ሳይሆን ለተወለደ ልጅ የሚሆን እልልታ አቀለጡት። የሙሽራዋ እናት እትዬ እፀገነትማ ሽንኩርት የነካ እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሽገው የግሩምን ግንባር ሳሙት። «እደግ፣ ተመንደግ! ምን አለ ሁሉም እንዳንተ ቢሆን!»

ግሩም አልሳቀም። ስልኩ እጁ ላይ በርቷል፤ በነጩ ገጽ ላይ እንኳን ደህና መጡ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጥቷል፤ ከሥሩ ቋንቋ ይምረጡ ይላል። ማራኪ ስትጠቀምበት የኖረችው ስልክ እሷኑ እንደ እንግዳ የሚቀበላት ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ሲጠፋ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ይህን የሚያውቅ ከግሩም በቀር አልነበረም። ፊቱ ከጆሮው ሥር ጀምሮ ጋለ።

«ትንሽ የሚስተካከል ነገር ይቀረዋል፤ ቤት ወስጄ ላምጣው» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

«ፍጠንልኛ ግሩሜ! ለጉታ መስጠት አለብን» አለችው ማራኪ። ጉታ ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሞንታርቦውን ሲያስተካክል ያረፈደው ዲጄ ነው።

ግሩም ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ዝቅ ብሎ ባለ የግል ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። ሰፈሩ ግን መምህር ብሎት አያውቅም፤ «ኢንጅነር» ነው የሚለው። የማን ቴሌቪዥን ተንጫጫ፣ የማን ስልክ ደነዘዘ፣ ግሩም ይጠራል። እሱም እንቢ ማለት አልተፈጠረበትም። የማያውቀውንም ቢሆን መልሱ «አምጡት» ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ለተማሪዎቹ ስንቴ ተርቶላቸዋል፤ ለራሱ ግን አንድም ቀን አልተረተም።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይህችኛዋን ማወቁ ነው። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስተምራታል። ስልክ ስታክ ሲያደርግ ሦስት መንገድ አለ ይላቸዋል። አንደኛው አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው የማብሪያውንና የድምፁን ቁልፍ አንድ ላይ ጨምቆ በግድ ማስነሳት ነው፤ ያልተቀመጠ ነገር ሊጠፋ ይችላል፣ ሲደጋገም ስልኩንም ያሳምማል። ሦስተኛው ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ መመለስ ነው። «እሱ ማለት የተኛ ሰው አልነሳ ሲል ገድሎ እንደገና መውለድ ነው» ይላል፤ ልጆቹ ይስቃሉ። «ስለዚህ ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ ሳትገለብጡ ሦስተኛውን የነካ ከክፍሌ ይወጣል።» ይኸው፤ ነካው።

የዛሬው ነገር የጀመረው በማለዳ ነው። የማራኪን ሜካፕ ሲቀረጽበት ያነጋው ስልክ መሐል ላይ ጥርቅም ብሎ ቆመ፤ የአምራቹን ምልክት ብቻ እያሳየ አልንቀሳቀስ አለ። በአጥር የሚዋሰነው ግሩም ተጠራ። «የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» አለ ገና ሳያየው። አጥፍቶ ሊያበራው ሞከረ፤ እንቢ። ሁለቱን ቁልፍ ጨምቆ ያዘ፤ ስልኩ አንዴ ንዝር ብሎ እዚያው ምልክት ላይ ተመልሶ ቆመ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። «ከዚህ በላይ የኔ አይደለም፤ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን የሚያወጣ ባለሙያ ይፈለግ» ብሎ ማስቀመጥ ነበረበት። ኮልፌ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም ነበር። ግን ሴቶቹ ከበውታል፣ ኢንጅነር ብለውታል፣ አምስት ደቂቃዋም አልፋለች።

ስለዚህ ጥቁሩን ገጽ አወጣው፤ በቁልፍ ብቻ የሚኬድበትን፣ በእንግሊዝኛ የተደረደረውን። ያሰበው ጊዜያዊ ግሳንግሱን የሚጠርገውን ትእዛዝ ነው፤ እሱ ምንም አያጠፋም። ሁሉን የሚያጠፋው ደግሞ ልክ ከጎኑ ነው። የማራኪ ስልክ የድምፅ ቁልፍ ላልቶ አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ ይዘላል። ልክ በዚያች ሰዓት እትዬ እፀገነት ብቅ አሉና «ይነሳ ይሆን ልጄ?» አሉት። እሱም ቀና ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ «እትዬ ደግሞ! ለኔ ይቺ ምን አላት?» እያለ ተጫነው። ስልኩ እንኳ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠይቆት ነበር። ዓይኑ ሴቶቹ ላይ እንዳለ አዎ አለው።

አሁን በስልኩ ውስጥ የነበረውን መናገር ያስፈልጋል።

የማራኪ አባት ጋሽ ሰይፈሥላሴ አናጢ ነበሩ። የኮልፌ ግማሹ በርና መስኮት የሳቸው መዶሻ ያረፈበት ነው። ሰው የሚያውቃቸው ግን በምርቃታቸው ነበር። ሰርግ የሚደግስ ቤተሰብ መጀመሪያ «ጋሽ ሰይፉ ይኖራሉ?» ብሎ ነው ቀን የሚቆርጠው። ማይክ አይፈልጉም፤ ድምፃቸው ድንኳኑን ሞልቶ መንገድ ላይ ያለውን መንገደኛ ኮፍያ ያስወልቅ ነበር። አንድ ጊዜ የመረቁትን ለሌላ ሰው ደግመው አይመርቁም። «ምርቃት እንደ በር ነው፤ በልኩ ካልሠራኸው አይገጥምም» ይሉ ነበር።

አምና ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ መርምረው ካንሰር ነው አሉ፤ ድምፅ የሚያወጣው ሣጥን ካልወጣ ሕይወታቸው እንደማይተርፍ ነገሯቸው። ጋሽ ሰይፈሥላሴ «ይውጣ» አሉ። ኦፕራሲዮን ሊገቡ ሲሉ ማራኪን የስልኳን ድምፅ መቅጃ አስከፍተው ሁሉንም ከክፍሉ አስወጡ። ተጠርታ ስትመለስ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ይሄ ከቤቴ በቬሎ ስትወጪ የሚሰማ ነው» አሏት። «ቀድመሽ እንዳትከፍቺው፣ ለማንም እንዳትልኪው። ምርቃት በሰዓቱ ነው።» ማራኪም አልከፈተችውም። ለማንም አልላከችውም። ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ እየተኛች ይህችን ቀን ጠበቀች።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሰይፈሥላሴ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። አንገታቸው ላይ በተተወላቸው ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፤ በነጭ ስስ ጨርቅ ይሸፍኑታል። ዳዊት ያነባሉ እንጂ መጻፍ አልለመዱም፤ በእጅና በዓይን ነው የሚግባቡት። እንግዲህ ግሩም ያጠፋው ይህን ነው፤ የአንድ ሰው ድምፅ የመጨረሻዋን ምርቃት፣ ያውም ገና ማንም ያልሰማትን።

ቤቱ ባዶ ነበር። ሳያት የምትባለው ሚስቱ ከሌሊት ጀምሮ ሰርጉ ቤት ወጥ ላይ ናት። ግሩም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አስተካከለ። ኢሜይሉን የከፈተላት ራሱ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ኢሜይል የከፈተው እሱ ነው፣ የይለፍ ቃሉም ለሁሉም አንድ ነው። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ተመለሱ። እማዬ፣ ሁንዴ፣ አባዬ። ተስፋ ሽው አለበትና ወደ ድምፅ መቅጃው ገባ። ባዶ ነው።

ያኔ ትዝ አለው። ይህን ስልክ አዲስ ሲያወጣላት ስልኩ ፎቶና ድምፅ ሌላ ቦታ ይቀመጥ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። «ተይው፣ ካርድ ይበላብሻል» ብሎ የዘጋው እሱ ነው። ለሷ አስቦ ነበር፤ ምስጋናም ተቀብሎበታል። አሁን ላፕቶፑን ከፍቶ የጠፋ ይመልሳል የሚሉትን ፕሮግራም ሁሉ አስሮጠ። የሚመልሰው ነገር እንደሌለ ያውቃል፤ የዘንድሮ ስልክ ሲጠረግ የዕቃ ቤቱን ቁልፍም አብሮ ነው የሚጥለው። ቢሆንም እጁ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ አስሮጠው። የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም።

«ግሩሜ!»

ማራኪ አጥሩ ጋ ቆማለች። ፀጉሯ አልቋል፤ በትከሻዋ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋለች። ግሩም ወጣ። አሁን እነግራታለሁ ብሎ ነው የወጣው፤ እውነቱን ነው፣ ይህን አስቦ ነበር።

«ድምፁ አለ አይደል?» አለችው። እየሳቀች ነው የጠየቀችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

«አለ» አለ።

አንዲት ቃል ናት። ማራኪ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ተመስገን!» አለችና ሮጠች። ግሩም አጥሩን ይዞ ቆሞ ቀረ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ በሆዱ። መሬት ደግሞ እንዲህ ባለ ቀን ተሰንጥቃ አታውቅም።

ሰው ሲያፍር ለራሱ ደግ ምክንያት አያጣም። ዛሬ እንዴት ይነገራል፣ በሰርጓ ቀን፤ ከመልሱ በኋላ እነግራታለሁ፤ ሽማግሌውስ ደንግጠው አንድ ነገር ቢሆኑ፤ አለ። እንዲህ እያለ ነው ከመሳቢያው ሃርድ ዲስኩን ያወጣው። የሱና የሳያት ሰርግ እዚያ ውስጥ አለ። እንደ ዛሬው በጥር፣ እንደ ዛሬው በዚሁ ግቢ ነበር፤ የመረቋቸውም ጋሽ ሰይፈሥላሴ ናቸው። መጀመሪያ ድምፃቸውን ለመስማት ብቻ ነው የከፈተው።

«ግሩም ልጄ፣ አባት የለኝም ብለህ አንገትህን አትድፋ። እዚህ ድንኳን ውስጥ ያለው ሽማግሌ ሁሉ አባትህ ነው። ጠመኔ የያዘ እጅህ አይዛል። ሳያት ልጄ፣ የገባሽበት ቤት በረከት ይሁንልሽ፤ ደጅሽ እንግዳ አይጣ። ያቆማችሁት አይውደቅ፣ የተከላችሁት አይነቀል። ክፉ አይይባችሁ፣ ደግ አይለፋችሁ። ውለዱ፣ ክበዱ።»

ግሩም አባቱን አያውቅም። ያን ቀን ይህን ሲሰማ ሱፉ ላይ እንባው ተንጠባጥቦ ሚዜዎቹ ስቀውበት ነበር። አሁንም አለቀሰ። እያለቀሰ ሳለ ያቺ ሐሳብ መጣችበት። የማራኪን ምርቃት ማንም አልሰማውም። ምን እንደነበረ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ መናገር አይችሉም።

ይህችን የመጨረሻዋን ሲያስባት በራሱ ተጸየፈ። ተጸይፎም ግን ቆራጩን ፕሮግራም ከፈተ። መጀመሪያ የራሱን ስም ቆረጠ። ቀጥሎ አባት የለኝም የሚለውን፣ ቀጥሎ ጠመኔውን። የሳያትን ስምና ለሷ የተባለውን ሲቆርጥ ጣቱ ትንሽ ዘገየ። የቀረው ለማንም ይሆናል። ከያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ኋላ ግን የሕዝቡ አሜን አለ፤ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ብቻውን የቀዳ ሰው አሜን የሚለው ከየት ይመጣል? አንድ በአንድ ነቀላቸው። አንዷ ግን «አይነቀል» ከሚለው ድምፅ ጋር ተጣብቃ አልወጣ አለች፤ ቀጭን የሴት አሜን። ድንኳኑ ሲንጫጫ ማን ይሰማታል ብሎ ተዋት። ፋይሉን የማራኪ ስልክ ላይ ጫነው፤ ቀኑንም የአምናውን አስመስሎ ጻፈበት። ሲጨርስ እጁን ታጠበ፤ ለምን እንደታጠበ አያውቅም።

ሙሽራው ሁንዴና ሚዜዎቹ ከሳንሱሲ ሲደርሱ የግቢው በር ላይ የተለመደው ግብግብ ሆነ። ሴቶቹ አናስገባ አሉ፣ ሚዜዎቹ ዘፍነው፣ ገፍተው፣ ሽቶ ረጭተው ገቡ። ግሩም ስልኩን ለጉታ አስረክቦ ከጎኑ ሞንታርቦው አጠገብ ቆሟል። እንዲቆም ማንም አላዘዘውም፤ መሄጃ ስላጣ ነው።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከፊት ተቀምጠዋል። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ አንገታቸው ላይ ነጩ ጨርቅ በንጽህና ታስሯል። ማራኪ በቬሎ መጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፤ ሁንዴም ከጎኗ። ጭብጨባው ቆመ። ወጥ ቤት ያሉት ሁሉ እጃቸውን እየጠረጉ ወጥተው ድንኳኑ አፍ ላይ ተደረደሩ። ሳያት ከመካከላቸው ነበረች።

ጉታ ተጫነው።

«ያቆማችሁት አይውደቅ…»

ድንኳኑ ትንፋሹን ዋጠ። አንዲት አሮጊት «ወይኔ ሰይፉ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንገታቸው ሄደ፤ ከተቆረጠባቸው ወዲህ የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ፊታቸው ላይ የወጣው ደስታ እንደ ልጅ ነበር። ግሩም ያን ደስታ አይቶ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ደግ የሠራ መሰለው።

«…የተከላችሁት አይነቀል።»

ሕዝቡ አሜን አለ። ሳያት ግን አላለችም። አንገቷን ሰብቃ ስትሰማ ቆየችና ቀስ ብላ ዞረች፤ ግሩምን አየችው። የጋሽ ሰይፈሥላሴም ግንባር ተኮማተረ። በሩ ያልገጠመ አናጢ እንደሚያይ፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ክፉ አይይባችሁ። ደግ አይለፋችሁ። ውለዱ፣ ክበዱ። አለቀ። የበለጠ እንዳለ ሁሉ ትንሽ ጠበቁ፤ የለም። ዓይናቸው በሰው መካከል ሲፈልግ ቆየና ሞንታርቦው አጠገብ የቆመው ላይ ዐረፈ።

ማራኪ ኩሏ በእንባ ወርዶ ቀና አለች። «አባዬ» አለች፤ «ይሄ ነው አይደል የቀዳህልኝ?»

በሰፈሩ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ዋሹ ተብሎ ተወርቶ አያውቅም። ጎሎ የተለካ እንጨት እንኳ የኔ ስህተት ነው ብለው በገዛ ገንዘባቸው ይተኩ ነበር። ግሩምን እያዩት ቆዩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በወደደ። ኋላ ወደ ልጃቸው ተመልሰው ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። አዎ፣ እሱ ነው።

እልልታው ድንኳኑን አነሳው። ግሩም ራሱን ሞንታርቦው ላይ ደገፈ። ስልኩን ሲያጠፋ ያፈረው እፍረት አሁን የልጅ ነገር መሰለው፤ ያ ስህተት ነበር። ይሄኛው ግን ሽማግሌን በልጃቸው ሰርግ፣ በእግራቸው ሥር ተንበርክካ ሳለች፣ ማስዋሸት ነው።

ሳያት በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለች። «እኔ አሜን ስል ሰማሁት» አለች፤ ድምፅዋ ለሱ ብቻ የሚሰማ ነበር። «የኔን ስም የት ጣልከው?»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች።

ሙሽሮቹ ወጡ። መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ ወደ ሳንሱሲ ከተቱ፤ ሕዝቡ ግማሹ ተከተለ፣ ግማሹ ወደ ጠላው ዞረ። የሙሽራ አባት ልጁን ተከትሎ አይሄድምና ጋሽ ሰይፈሥላሴ ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ግሩም ወደ እሳቸው ሲሄድ የድንኳኑ ወለል ሳር ረጅም ሆነበት። ማራኪ ተንበርክካበት የነበረው ቦታ ላይ ተንበረከከ፤ ሌላ ቦታ አጣ።

«ጋሽ ሰይፉ» አለ፤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ስልኩን ላስነሳ ብዬ የማይነካውን ነክቼ አጠፋሁት። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው። ከዚያ ደግሞ ያንን አደረግሁ። የመረቁኝን ቆራርጬ… እርስዎን… » አልጨረሰውም። «ይርገሙኝ። ወይ በጥፊ ይበሉኝ። የሆነ ነገር ያድርጉኝ።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ቁልቁል አዩት። የአንገታቸው ጨርቅ በትንፋሻቸው ብድግ ዝቅ ይላል። ዓይናቸው ውስጥ ውኃ ሞልቷል። ቁጣም ነበረበት፤ ግሩም አሁን ለየው፤ ድምፅ ቢኖራቸው ድንኳኑን የሚያናጋ ቁጣ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ግሩም ሊመቱት መስሎት ፊቱን አቀረበ። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ገልብጠው ጣታቸውን አንቀሳቀሱ፤ አምጣ ነው።

ምን እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው። የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። መለሱለትና በጣታቸው ወደ አፋቸው አመለከቱ። መቅጃውን ከፈተላቸው፤ ቀዩ ነጥብ በራ፤ ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ጨርቁን ከአንገታቸው ፈቱ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ከድነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ድምፅ አልወጣም። ምላሳቸው ላንቃቸውን ሲመታ፣ ከንፈራቸው ሲገጥም ይሰማል፤ በቀዳዳው የሚወጣው ትንፋሽ ሲያፏጭ ይሰማል። ለመረቁት ሁሉ እንደሚያደርጉት አንዳንድ ቦታ ላይ ቆም ይላሉ፣ የአሜን ጊዜ ይሰጣሉ፣ ይቀጥላሉ። ግሩም ከንፈራቸውን ለማንበብ ሞከረ። ማራኪ የሚለውን ስም ለየ። ሌላውን አልቻለም። አሜን ማለት ፈለገ፤ ለሱ የተባለ ስላልሆነ ዝም አለ።

ረጅም ነበር። ሲጨርሱ ግንባራቸው በላብ ርሶ ነበር። ስልኩን እጁ ላይ አስቀምጠው ጣቶቹን በጣቶቻቸው አጠፉለትና ወደ ግቢው በር አመለከቱ። ግሩም አልተነሳም። «አሁን? በሰርጓ ላይ?» አለ። ጋሽ ሰይፈሥላሴ በትከሻው ገፉት፤ የአናጢ እጅ ነው፤ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ተነሳ።

አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ወያላው «አስኮ ሳንሱሲ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። ግሩም ከኋላ መስኮት ሥር ገባ። ታክሲው ተንቀሳቅሶ ነው ስልኩን ያየው። ቀዩ ነጥብ አሁንም በርቷል፤ ሰዓቱ አሁንም ይቆጥራል። ሽማግሌው አላጠፉትም፤ እሱም አልነካውም። የወያላው ጩኸት፣ የሞተሩ ድምፅ፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ሳል፣ ሁሉም ከምርቃቱ ኋላ ተከትሎ እየገባ ነው። አስቁሞ ከዚህ በኋላ ያለውን መቁረጥ ይቻላል። መቁረጡንማ ያውቅበታል።

አውራ ጣቱ ማቆሚያው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ሴትዮዋ ዘወር ብለው አዩት፤ ድምፁን ግን ዝቅ አላደረገም።

«ማራኪ፣ እኔ ነኝ፣ ግሩም» አለ። «አሁን የሰማሽው አባትሽ ናቸው። ድንኳን ውስጥ የሰማሽው ምርቃት የኔ ነበር። ያንቺን አጥፍቼዋለሁ።»